ውፍረትና ጠባሳ፦ የልብ ኤምአርአይ በሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ምን ይነግረናል?



ወደ ርእሴ ከመግባቴ በፊት ከብዙ ዓመታት በፊት ስለ ጻፍኩት አንድ ሪፖርት ልንገራችሁ። በሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ የተጠረጠረ ወጣት የልብ ኤምአርአይ ተነሥቶ ነበር። በምስሉ ላይ ነጭ ነገር አየሁና «በልብ ጡንቻው ላይ ጠባሳ አለ» ብዬ ፈረምኩ። የት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ አልጻፍኩም። ወጣቱ ያችን ዐረፍተ ነገር እንደ ሞት ፍርድ ተቀበላት፤ ትምህርቱንም አቋረጠ። ዛሬ የምናገረው ያ ሪፖርት ምን ጎድሎት እንደነበር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 ዶናልድ ቲር የተባለ የለንደን ፓቶሎጂስት ያልተመጣጠነ የጡንቻ ውፍረት የታየባቸውን የወጣቶች ልቦች መርምሮ ጻፈ፤ አብዛኞቹ በድንገት የሞቱ ነበሩ። ዛሬ ሕመሙ ከ500 ሰዎች አንዱን ገደማ እንደሚይዝ ይገመታል። የደም ግፊትን ወይም የቫልቭ ጥበትን የመሰለ በቂ ምክንያት ሳይኖር የአንድ አዋቂ የግራ ቬንትሪክል ግድግዳ 15 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲወፍር ሕመሙን እንጠረጥራለን። ይሁን እንጂ ውፍረት ጉዳት ማለት አይደለም። ጡንቻው ምን ያህል እንደሞተና በጠባሳ እንደተተካ ለማወቅ ከልኬት ያለፈ ነገር ያስፈልገናል።

ለዚህ የሚያገለግለን ጋዶሊኒየም ነው። ጤናማ ሕዋስ ውስጥ አይገባም፤ በሕዋሳት መካከል ባለው ክፍተት ይቆያል። ሕዋሳት ሞተው ኮላጅን በተተካበት ቦታ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ መድኃኒቱ ዘግይቶ ይወጣል። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተን ስናነሣ ጤናማው ጡንቻ ጥቁር፣ ጠባሳው ነጭ ሆኖ ይታያል።

ይህን ንጣት ስናይ ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

አንደኛው፣ የት ነው? የልብ ድካም ሳይሆን የደም ሥር መዘጋት ያስከተለው ጠባሳ ከውስጠኛው የግድግዳ ሽፋን ይጀምራል፤ የአንድን ኮሮናሪ የደም ሥር ግዛትም ይከተላል። በሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ግን ንጣቱ አብዛኛውን ጊዜ የተበታተነ ሆኖ በግድግዳው መሐል፣ በተለይም በወፈረው ክፍል ይገኛል። የቀኝ ቬንትሪክል ከሴፕተም ጋር በሚጋጠምበት ነጥብ ላይ ብቻ ሲወሰን ደግሞ ትርጉሙ ቀላል ነው።

ሁለተኛው፣ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 በ1,293 ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት፣ በሌላ መመዘኛ አነስተኛ ሥጋት ያለባቸው ተብለው ከተመደቡት መካከል እንኳ ጠባሳው የግራ ቬንትሪክሉን ክብደት 15 በመቶና ከዚያ በላይ ሲይዝ የድንገተኛ ሞት ሥጋት በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ዲፊብሪሌተር ይተከል ወይስ አይተከል የሚለው ውሳኔ በዚህ ላይ ሊመረኮዝ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ምን ተሰውሮብናል? ይህ ዘዴ ጠባሳን የሚለየው ከጎኑ ካለው ጤናማ ጡንቻ ጋር በማነጻጸር ነው። ጉዳቱ በመላው ጡንቻ ላይ በቀጭኑ ሲሰራጭ የሚነጻጸርበት ስለማይኖር ሊያመልጠን ይችላል። የቲ ዋን ካርታና ከሕዋስ ውጭ ያለው ክፍተት ልኬት የሚጠቅሙን እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ «ንጣት የለም» ማለት «ልቡ ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም።

የኤምአርአይ መሣሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገራችን የሕመምተኛው የቤተሰብ ታሪክ፣ ኤሌክትሮካርዲዮግራምና ኢኮካርዲዮግራፊ ቀዳሚነታቸውን አያጡም። በዘር የሚተላለፍ ለውጥ ሲገኝ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ስለሆነ ወላጆችንም፣ ወንድምና እህትንም፣ ልጆችንም መመርመር ግድ ነው።

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። ምስሉን ዳግመኛ ስመለከት ንጣቱ በመጋጠሚያው ነጥብ ላይ ብቻ የተወሰነ ነበር። ሪፖርቱን አርሜ ራሴ አስረዳሁት። ክትትሉ አልቀረለትም፤ ወደ ትምህርቱ ግን ተመለሰ። በፍርሃት ያሳለፋቸውን ሁለት ዓመታት ልመልስለት አልቻልኩም። እናንተ ነገ ሪፖርት ስትጽፉ ቦታውን፣ መጠኑንና ምስሉ የማያሳየውን ነገር ጨምራችሁ ጻፉ።