ማዕዳችን ቀለም ይኑረው
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ሆኖም ወጪን አስቀድሞ መቆጣጠር እንደሚሻል ከሥራዬ ተምሬአለሁ። ዕድራችን ለድንኳኑም ለሣጥኑም ለለቀስተኛውም ያወጣል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ታዲያ በሕይወት ላለው አባልስ ምን እናድርግ? ደም ብዛት፣ ስኳርና የልብ ሕመም በየቤታችን ገብተዋል። ከሚያመጧቸው ነገሮች አንዱ አበላላችን መሆኑን ሐኪሞች ይነግሩናል።

የብዙዎቻችን ገበታ እኮ አሁን አሁን ነጭ ብቻ ሆኗል፤ ነጭ ዳቦ፣ መኮሮኒ፣ ሩዝ፣ ላዩ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ። ነጭ ዱቄት ማለት ፉርሽካው የተለየ ስንዴ ነው። ፉርሽካውን ለከብት ሰጥተን የተራቆተውን እኛ እንበላለን። ጤፍ ግን ደቃቅ ስለሆነች ከነቅርፊቷ ትፈጫለች፤ ስለዚህ እንጀራችንን አንናቀው።

የአትክልት ቀለም ለጌጥ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ካሮትንና ዱባን ብርቱካናማ ያደረጋቸው ነገር ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ቪታሚን ኤ ይሆናል፤ እርሱ ሲጎድል ዳፍንት ይመጣል። ጎመንና ቆስጣ ለደም የሚረዳ ነገር አላቸው። ቃሪያ፣ ሎሚና ብርቱካን ደግሞ ቪታሚን ሲ ስላላቸው በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደማችን እንዲገባ ያግዛሉ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ግን ይህንኑ ብረት ይይዙታል፤ ቡናው ቆየት ብሎ ቢፈላ ይሻላል። አንዱ የያዘውን ሌላው ስለማይዝ ማቀያየር ያስፈልጋል ማለት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ፣ ጨው ግን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳያልፍ ይመክራል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአመጋገብ መመሪያ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንድናዘወትር፣ ጨው፣ ስኳርና ቅባት እንድንቀንስ ይመክራል።

«ኑሮው ተወዶ ይህን ከየት እናምጣ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን ጎመን ከሥጋ ይረክሳል። ፍራፍሬም በወቅቱ ሲገዛ ይቀላል። ግቢ ያለው በጓሮው፣ የሌለው በጆንያ አፈር ሞልቶ ቆስጣ ሊተክል ይችላል። እናቶች ጎመኑን ከመክተፋችሁ በፊት እጠቡት፤ ከተከተፈ በኋላ ቢታጠብ ጥቅሙ ከውኃው ጋር ይሄዳል። እሳት ላይም አታቆዩት። ሐኪም የተለየ ምግብ ያዘዘለት አባል ግን የሐኪሙን ትእዛዝ ይጠብቅ።

አሁን ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አባቶቻችን ለለቀስተኛ ያቀርቡ የነበረው ንፍሮ፣ ስንዴው፣ ሽምብራውና ባቄላው ከነቅርፊቱ የተቀቀለ፣ ሙሉ ምግብ ነው። ዛሬ ግን በየድንኳኑ መኮሮኒና ሩዝ እየተካው ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ በለቅሶ ቤት ንፍሮው እንዳይቀር፣ ከምስሩ ወጥ ጎንም አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ደግሞ ካሮት ወይም ቀይ ሥር እንዲጨመር ይወሰንልን። አንድ ቀን በድንኳን የለመድነውን በየቤታችን እንቀጥለዋለን።

ዕድር ለመቅበር ብቻ የተቋቋመ አይደለም፤ ለመረዳዳትም ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ለእኛ ጉዳይም ይሠራል፤ ቅጠሉም ከደጃችን አለ።