«በሕግ አምላክ!» በቤት ውስጥም ይሰማ



በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወክለን ለመናገር በመታደላችን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። የመረጥነው ጉዳይ ግን የሚያስደስት አይደለም።

ከገጠር መጥተን፣ በአማኑኤል ከተማ ቤት ተከራይተን የምንማር ብዙዎች ነን። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት እናት በባሏ ስትደበደብ ሌሊት እንሰማ ነበር። ሦስት ጊዜ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች፤ ሦስት ጊዜም ሽማግሌ አስታርቆ መለሳት። በአራተኛው የሄደችው ክንዷ ተሰብሮ ወደ ሐኪም ቤት ነበር። እኛም ጋቢያችንን ተከናንበን ዝም ማለታችን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

«ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለውን ተረት ሕጋችን አይቀበለውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛው ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ሰው እንዲቀጣ ያዛል።

ነገር ግን ቅጣት የሚመጣው ከጉዳት በኋላ ነው። «ከቤት ውጣ፤ አትቅረባት» ብሎ አስቀድሞ የሚያግድ ትእዛዝ በወንጀል ሕጉ ራሱን ችሎ አልተጻፈም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከባልና ሚስት አንዱ ከጋራ መኖሪያቸው እንዲወጣ ፍርድ ቤት ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል፤ ይኸውም የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ታዲያ ዱላው እንዲቀር እንጂ ትዳሯ እንዲፈርስ የማትሻው እናት ምን ታድርግ? ጎረቤታችን ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ፣ ፍቺ ሳይጠየቅም ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን የጥበቃ ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቅዳለች።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ የሰነዘሩትን ዱላ ይመልሱ ነበር። ጎረቤታሞች በወሰን ሲጣሉም ሽማግሌ የዛተውን ሰው ዋስ ያስጠራዋል። ለእርሻ ድንበር የሚጠራው ዋስ ለሚስት ሕይወት ስለ ምን አይጠራም?

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ተደብድባ ስትመጣ ዋስ ሳይጠራ አትመልሷት። ነገ ዳኛ፣ ፖሊስና የሕግ አዋቂ የምንሆነው እኛም ይህን የጎደለ ሕግ እናስብበት። እስከዚያው ግን ጩኸት ስንሰማ ጋቢ አንከናነብም፤ ጎረቤት ቀስቅሰን፣ ፖሊስ ጠርተን፣ በሩን እናንኳኳለን።