ባሕሩ የሸሸበት ሆቴል

የሆቴል ፎቶ አንሺ የሚመጣው ባሕሩ ሲሞላ ነው። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ በምትባል ጸጥ ያለች መንደር ያረፍኩበት ሆቴልም ሰማያዊውን ውኃ ከበረንዳው ሥር አድርጎ ነበር ያሳየኝ። ስደርስ ግን እስከ ሩቁ የኮራል ድንጋይ ድረስ እርጥብ አሸዋ ብቻ! የሻወሩ ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ መስኮቴ ሥር ያጓራል። በዶላር የከፈለ ሰው ቢያማርር አይፈረድበትም።

ባሕሩን ግን ልወቅሰው አልችልም። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሽሽቱ ይብሳል። ጥፋተኛው ይህን እያወቀ ዝም ያለው ሆቴል ነው።

እኔ የተናደድኩበት ሰዓት ለመንደሩ ሴቶች የሥራ ሰዓት ነው። ውኃው ሲሸሽ ወርደው በእንጨት ችካልና በገመድ ላይ የባሕር አረም ያለማሉ። ለገበያ የሚሆነው ልማት በዚህ ዳርቻ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ከአረሙ የሚወጣው ማወፈሪያ አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባል። እንግዳው ባሕሩ እንዲመለስ ይለምናል፤ እነሱ ትንሽ እንዲቆይላቸው።

ወደዚያ የምታስቡ ካላችሁ፣ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት የዚያን ሳምንት የባሕር ሙላት ሰዓት ጠይቁ። መዋኘት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ በሰሜን ጫፍ ያለው ኑንግዊ ይሻላል፤ እዚያ ሽሽቱ ይህን ያህል አይርቅም። ጸጥታው ግን የጃምቢያኒን አያህልም።