መወጣጫው ከዕቅዱ አይውጣ



የሲሚንቶ ዋጋ ስለናረ ከአዳራሻችን ዕቅድ የሚቀነስ ነገር ይፈለግ ተብሏል። ከታሰቡት አንዱ የዊልቸር መወጣጫው ነው። እኛ አካል ጉዳተኛ አባላት ግን አንስማማም።

ቁጠባችንን በልጅ እጅ መላክ እንችላለን። ብድሩ ለማን ይሰጥ ሲባል ግን እጁን የሚያወጣው በቦታው የተገኘ ነው፤ ልጅ ደብተር ያደርስልን ይሆናል እንጂ ድምፅ አይሰጥልንም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው 6 ሜትር ያህል መርዘም አለበት። አጥሮ ቀጥ ካለ ሰው ካልገፋን አንወጣም፤ ለይስሙላ የተሠራ ስንት አይተናል!

ሴራሚኩ ይቆይ፤ ሊሾ ላይም ስብሰባ ይካሄዳል። መወጣጫው ከመሠረቱ ጋር ይሠራልን።