ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



በሀገራችን ሰው ትኩሳት በያዘው ጊዜ «ወባ ነው፤ ወይም ተስቦ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ይሆናል። ነገር ግን ለነዚህ ታክሞ ትኩሳቱ አልለቅ ያለ እንደ ሆነ፣ የደም ነቀርሳ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ነው።

ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። ቀዩ ሕዋስ ኦክሲጅን ያመላልሳል፤ ነጩ ተሕዋስያንን ይዋጋል፤ ፕሌትሌት የተባለው ደግሞ የሚፈስ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ሉኬሚያ በተባለው ሕመም ያልበሰሉ ነጭ ሕዋሳት እንደ እንክርዳድ በዝተው መቅኒውን ይሞሉታል፤ ቢበዙም መዋጋት አይችሉም። ስለዚህ ዋነኞቹ ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ መገርጣትና ድካም፤ ነስር ወይም የድድ መድማት፤ የማይለቅ ትኩሳት። እነዚህ በአንድነት ሲታዩ ሳይውል ሳያድር ደም ማስቆጠርና በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ያስፈልጋል።

ሊምፎማ የሚባለው ደግሞ በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት በሚወጣ እብጠት፣ ልብስ በሚያርስ የሌሊት ላብና በመክሳት ይታወቃል። በቋንቋችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለቲቢም ለካንሰርም ይነገራል፤ ሕመሞቹም ይመሳሰላሉ። እርግጡ የሚታወቀው ከእብጠቱ ተወስዶ በሚመረመር ናሙና ነው። ከዚያ በፊት ፕሬድኒሶሎን መስጠት በሽታውን ለጊዜው ይሸሽገዋል።

ሉኬሚያን የሚመስል ሌላም ደዌ አለ። ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ቆላ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና የደም ማነስ ቢታይበት ካላዛር ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም የደም ሕዋሳት ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው።

ከሁሉ በላይ ይህን አስታውሱ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሕዋሱ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ቁስሉ መግል እንኳ ላይቋጥር ስለሚችል፣ ትኩሳቱ ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል። መለኪያው አንድ ጊዜ 38.3፣ ወይም ለአንድ ሰዓት ያህል 38 ዲግሪ ካሳየ «ይደር፤ ነገ እናያለን» አይባልም። ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ሊጀመርለት ይገባል። አስታማሚውም ገና ከበር ላይ «የካንሰር መድኃኒት ይወስዳል» ብሎ ይናገር። አስፕሪን አይሰጠው፤ መድማትን ያብሳልና።

ተስፋ መቁረጥም አይገባም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ኖዌልና ሀንገርፎርድ በፊላደልፊያ ከተማ፣ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ያጠረ ክሮሞሶም አገኙ። ከዚያ በተገኘው ዕውቀት የተሠራው ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ከዚያም ወዲህ የብዙ ሕሙማንን ዕድሜ አራዝሟል።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፣ ትኩሳቱ ያልለቀቀውን ዘመዳችንን «ደምህ ተመርምሯልን?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያሻም።