ስለ አሮጌ የባቡርና የመኪና ፎቶግራፎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በድሬዳዋ፣ በፎቶግራፍ ክበብ አባሎች የተነበበ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሰቀልናቸውን አሮጌ ፎቶግራፎች ስትገቡ አይታችኋል። የባቡር፣ የአውቶሞቢል፣ የጭነት መኪናና የጋሪ ሥዕሎች ናቸው። እኛም ዛሬ የተነሣነው እነዚህ ሥዕሎች እንዴት እንደሚነበቡ ለመናገር ነው። ፎቶግራፍ ይታያል እንጂ ይነበባል ወይ የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

የድሬዳዋ ልጅ ስለ ባቡር ሲናገር ስለ ትውልዱ መናገሩ ነው። የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ/ም ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐሳቡ ሐረር ለመግባት ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት ወጪው ስለ ከበደ ሐዲዱ በቈላው ሜዳ ቀረ፤ በ1895 ዓ/ም ባቡሩ የደረሰበት ስፍራም ከተማችን ሆነ። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ/ም ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ይህን ስፋት ልብ በሉልን፤ በሥዕል ላይ እንደ ማስመሪያ ያገለግላል። ሐዲዱ አንድ ሜትር መሆኑን ያወቀ ሰው የመንኰራኵሩን ቁመት ሊገምት ይችላል።

ስለ አውቶሞቢልም ጥቂት እንበል። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች አውቶሞቢል ይዞ በ1900 ዓ/ም አዲስ አበባ ገባና ዐፄ ምኒልክ ተሳፈሩባት። ከዚህ ሌላ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ያስመጣው የእንፋሎት ሞተር ነበረ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ይህ ሞተር በሐዲድ ላይ የሚሄድ አልነበረም። አያቶቻችን ግን በሞተር የሚሠራውን ሁሉ ባቡር ይሉት ነበር፤ የምድር ባቡር፣ የሰማይ ባቡር፣ የወፍጮ ባቡር እያሉ። ስለዚህ ከሥዕል ጀርባ «ባቡር» የሚል ጽሕፈት ያገኘ ሰው ገልብጦ ሥዕሉን ማየት አለበት።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። ከሥዕሎቻችን አንዱ የአዲስ አበባውን ለገሀር ያሳያል፤ ቀን አልተጻፈበትም። የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ/ም ነው፤ እንግዲህ ሥዕሉ ከዚያ አይቀድምም። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቆመው ለ1923 ዓ/ም የዘውድ በዓል ነው። በሥዕሉ ላይ አንበሳው የለም። ስለዚህ ሥዕሉ ሐውልቱ ከመቆሙ በፊት የተነሣ መሰለን። ነገር ግን ጣልያኖች አንበሳውን ወደ ሮማ ወስደውት ብዙ ዓመት ቈይቷል፤ ሥዕሉ የዚያን ጊዜም ሊሆን ይችላል። ክርክሩን የፈታው በግቢው ጥግ የቆመ የጭነት መኪና ነው። አንድ ጓደኛችን በአጕሊ መነጽር ቢያየው ትሬንታ ኳትሮ ሆኖ ተገኘ! ይህ የፊያት መኪና በአገራችን የበዛው ከጣልያን ጦር ጋር በ1928 ዓ/ም ገብቶ ነው። አንበሳው በሌለበት ትሬንታ ኳትሮው ስላለ፣ ሥዕሉ አንበሳው በሮማ ሳለ የተነሣ ነው ብለን ጻፍንበት።

ሌላ ጥያቄ አለ፤ በጥንት ሥዕል ሰዎቹ ሁሉ እንደ ግንድ የሚቆሙት ለምንድን ነው? ኰስታሮች ስለ ነበሩ አይደለም። የቀድሞው የፎቶግራፍ መስተዋት ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ነበረ፣ የተንቀሳቀሰ ሁሉ እንደ ጢስ ይደበዝዛል። የመንኰራኵሩ ዘንጎች አንድ በአንድ የሚቈጠሩ ከሆነ ባቡሩ ቆሟል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀን ሌላ ነው። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ ዘጠኝ ሠራተኞች በባቡር ሞተር ፊት ተሰልፈዋል። የሞተሩ ቍጥር ጥርት ብሎ ይነበባል፤ የሰዎቹን ስም ግን የጻፈ የለም። ሥዕሉን ይዘን በቀድሞው የባቡር ወርክሾፕ ይሠሩ ወደ ነበሩ አንድ አባት ሄድን። እርሳቸውም ሁለቱን በስማቸው ጠሩልን፤ ሦስተኛውን «ይኼ ብየዳ ያስተማረኝ ነው» ብለው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ስሙ ግን አልመጣላቸውም። ስድስቱ ቀሩ። ስለ ሞተሩ መጻሕፍት ሊነግሩን ይችላሉ። ስለ ስድስቱ የሚነግረን ግን በየሰፈሩ ያለ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹም በየዓመቱ እያነሱ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በ2009 ዓ/ም ከተመረቀ ወዲህ፣ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለ ሆነ፣ ታናናሾቻችን የአሮጌውን ባቡር ፊሽካ ሳያውቁ ያድጋሉ።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ በየሣጥኑ ያለውን ሥዕል አሳዩን። ከአልበሙ አትንቀሉት፤ እኛ ራሳችን ቤታችሁ መጥተን በፎቶግራፍ እናነሣዋለን። ከጀርባው የምትጽፉም ከሆነ በቢክ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ዘልቆ ያበላሻል። በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ። የዘጠኙ ሠራተኞች ሥዕል በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስትወጡ እባካችሁ ቆም ብላችሁ ፊታቸውን እዩልን፤ እርሳስም አስቀምጠናል።