ስለ ሜዳ ውሾችና ስለሚስማማቸው ቤት
(ከመርጡለ ማርያም በመጡ ተማሪዎች ስም በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግራችን ርእስ በተነገረ ጊዜ የሳቁ ነበሩ። «ሰው ቤት ባጣበት ዘመን ለውሻ ቤት ፍለጋ!» አሉን። ሣቃቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን በመኝታ ቤታችን ደጅ ተኝተው የምናያቸው ውሾች ከምግብ ቤት በሚወጣው ትራፊ የሚኖሩ ናቸው። ክረምት ሲገባ ምግብ ቤቱ ይዘጋል፤ እኛም ሻንጣችንን ይዘን ወደየአገራችን እንበተናለን። የዚያን ጊዜ ርኃብ ወደ ከተማ ያወርዳቸዋል፤ በከተማም የሚጠብቃቸው ዱላ ወይም በሥጋ የተለወሰ መርዝ ነው።

በብዙ ከተሞች ለዚህ ሥራ የዋለው መርዝ ስትሪክኒን ይባላል። እንስሳውን እያንቀጠቀጠ ይገድላል፤ ሬሳውን የሚበሉትን ጥንብ አንሣና ጅብ ለአደጋ ይሰጣል፤ የተከተበውን ውሻ ካልተከተበው አይለይም። ባዶ የቀረውን ሰፈር ደግሞ ከሌላ ቦታ የመጡ ውሾች ይሞሉታል።

ሕዝቡ ውሻን የሚፈራው ያለ ምክንያት ነው አንልም። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከተነከሱትም ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል። ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን ልጅ በ1877 ዓ.ም. ከከተበ ወዲህ ግን መከላከያው ይታወቃል፤ ከአንድ አገር ውሾች 70 በመቶ የሚሆኑት በየጊዜው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ጉዳዩ የሰው ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስት ያህሉን ከውሻ የመጣው ይኸው በሽታ ፈጅቷቸዋል። በእኛ በጎጃም በጮቄ ተራራ የነበረው ቀይ ቀበሮ ዛሬ የለም፤ ባሌ የቀረውን ለማዳን ግን የገበሬው ውሻ እየተከተበ ነው። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ ለማንም አንሰጥም። ታሪኩ የማይታወቅ ትልቅ ውሻም በተከተበ ማግሥት አይሰጥም፤ በሽታው ሳይታይ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ሊቆይ ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይበቃል እስኪል ድረስ ተለይቶ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ውሻ ልውሰድ የሚል ሰው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ተስማሚ ቤት ነው።

በፋሲካ ሰሞን ውሻ ትወስዳለህ ወይ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ እሺ ይላል፤ ቤቱ አጥንት ሞልቷልና። እኛ የምንጠይቀው ግን ስለ ሁዳዴ ነው። በ55ቱ ቀን ቤተ ሰቡ ራሱ በሽሮና በጎመን ሲውል ውሻው ምን ይበላል? «ከእኛው ፍርፋሪ፣ ከልጆቹ እንጀራ ይካፈላል» ብላ ሳታመነታ የምትመልስ እናት፣ በፋሲካ ሙሉ ጎድን ከሚጥለው ባለጠጋ ትበልጥብናለች።

ሥራውም ይታይ። በእነብሴ ገጠር በጎች ያሉት ገበሬ ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚጮህ፣ ቀን ከእረኛ ልጅ ጋር በሰላም የሚውል ውሻ ይፈልጋል። በከተማው ሱቅ ያለው ነጋዴ ነካሽ ይሻል። ጠላ የምትሸጥ ሴት ግን ደጇ ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለ ሆነ በመጣው ሁሉ ላይ የሚዘል ውሻ ብንሰጣት ገበያዋን እናጠፋባታለን፤ ውሻውም ዕድሜ ልኩን በሰንሰለት ይታሰራል።

ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው ስለ ቆሎ ተማሪ ነው። መርጡለ ማርያም የደብር አገር ናት፤ ጎጃምም የቅኔ አገር ነው። ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም መጀመሪያ የሚቀበለው ውሻ ነው። እኛ ደብተርና እስክርቢቶ ይዘን በምንማርበት ዘመን እርሱ ለቁራሽ እንጀራ ሲል ዱላ ይዞ ይዞራል። ብዙ ሰው ለውሻ ቤት ሲፈልግ የሚያየው ባለቤቱንና ውሻውን ብቻ ነው፤ በዚያ ደጅ የሚያልፈውን ሦስተኛ ሰው አይቆጥርም። እኛ እንቆጥራለን። ነካሽ ውሻ የአብነት ተማሪ በሚዞርበት መንገድ ላይ ላለ አጥር አልባ ቤት አይሰጥም፤ ባለቤቱ ዘመዳችን ቢሆንም፣ ቢቆጣንም። ምናልባት የተነከሰ ልጅ ቢኖር ደግሞ ቁስሉ ወዲያው 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ጠበሉም ቢሆን ክትባቱን አይከለክልም።

አስቸጋሪዋ ሴቷ ውሻ ናት። ሁሉ ወንድ ይፈልጋል፤ የሚጣለው ግን ሴት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። እርስዋን ሳያመክኑ መስጠት ቡችሎቿን ለሚቀጥለው ዓመት ሜዳ ማዘጋጀት ነው። ማምከን ግን የሠለጠነ ሐኪምና ንጹሕ ክፍል የሚፈልግ ቀዶ ሕክምና ነውና በዚህ በኩል የመምህራኖቻችንን ርዳታ እንለምናለን።

ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለይ። ትልቁ ውሻ ደግሞ በአዲሱ ቤት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ካልታሰረና አንድ ሰው በእጁ ካላበላው ይጠፋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት ሰዎች ለስድብ ያውሉታል፤ ለእኛ ግን ጥሩ የሥራ መመሪያ ሆኖልናል።

የተቀባዮች ስም የሚጻፍበት ደብተር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ከእነብሴ፣ ከደብረ ወርቅና ከሞጣ በኩል የመጣችሁ ጓደኞቻችን የምታውቁትን ቤት ከክረምት በፊት ጻፉልን፤ ከስሙም አጠገብ አጥር አለው ወይስ የለውም፣ በሁዳዴ ውሻው ምን ይበላል፣ የቆሎ ተማሪስ በየት በኩል ያልፋል የሚለውን ጨምሩበት።